ቀጭኑ ይውጣ!

የከተማችን ባለሕንፃ ለኮርኒሱ ያለው ፍቅር ልዩ ነው። ወለሉ ቢሰነጠቅ ይታገሣል፤ ሊፍቱ ቢቆም «ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ግን ቀልድ የለም። ጂፕሰሙ በሦስት እርከን ይወርዳል፣ በየጥጉ ሐምራዊ መብራት ይሸጎጥበታል፣ መሐሉ ላይ አበባ ይቀረጽበታል። የካፌው ደንበኛም ማኪያቶውን እያማሰለ ቀና ብሎ ያደንቃል።

ከአበባው በላይ ያለውን ማንም አያደንቅም፤ ማን አይቶት! በሶሌታውና በኮርኒሱ መሐል ባለችው ክፍተት የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የውኃ መስመሩ፣ የላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ፣ የካሜራና የኢንተርኔት ሽቦ፣ ክዳኑ የጠፋ ስካቶላ፣ እንዲሁም ማንም ኪራይ የማይጠይቃቸው አይጦች ተጨናንቀው ይኖራሉ። በሕንፃው ውስጥ ሊበላሽ የሚችለው ነገር አብዛኛው የተሰበሰበው እዚያ ነው። በር ያልተሠራለት ክፍልም እሱ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ሳይነሣ ቀርቶ አይደለም። ወጣቱ ኢንጂነር «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የምትከፈት ትንሽ በር ብናደርግ፤ ቧንቧው ቢያፈስ ሰው ይገባበታል» ብሎ ነበር። ጋሼ ደነገጡ። «ይህን ሁሉ ብር ያፈሰስኩበትን ውበት በቀዳዳ ልታበላሽብኝ? ደግሞ አዲስ ቧንቧ ምን ሆኖ ያፈሳል?» ቧንቧ የማያረጅበትን አገር እሳቸው ያውቁታል።

ሁለተኛው ክረምት ላይ አበባው ዙሪያ ቢጫ እድፍ ብቅ ይላል። መጀመሪያ እንዳላዩ ይታለፋል። ቀጥሎ ቀለም ይቀባል። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ባልዲ ይቀመጥና አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ፈቀቅ ታደርገዋለች። ጠብታው ከባልዲው ማምለጥ ሲጀምር ነው «ቧንቧ የሚሠራ ሰው የምታውቅ አለህ?» የሚባለው።

አሁን መሰላል ፍለጋ ነው። ያ ሁሉ ሚሊዮን የወጣበት ሕንፃ አንዲት መሰላል የለውም። ጥበቃው ከጎረቤት ግንባታ የባሕር ዛፍ መሰላል ተውሶ ይመጣል፤ አንዱ መርገጫ ወልቋል፣ ሌላው በገመድ ታስሯል። ሲያጥር ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ካርቶን ታጥፎ ይወሸቅለታል። ሙያው የሚለው አንድ ለአራት ነው፤ መሰላሉ አራት ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር መራቅ አለበት። እዚህ ግን የመሰላሉን እግር ልክ የሚወስነው የደንበኛው ወንበር ነው። ያዢ አይጠፋም፤ አራት ሰው ይይዘዋል። ሦስቱ አንጋጠው ምክር ይለግሳሉ፤ አራተኛው በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። የጂፕሰም ዱቄት ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ አራቱም እኩል ይለቁታል።

«ማን ይውጣ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው ሚዛን እንጂ ሙያ አይደለም። ካቦው ልጆቹን ገርመም ያደርግና «ቀጭኑ ይውጣ!» ይላል። ቀጭኑ ትናንት ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ቧንቧ የሚያውቀው ወፍራሙ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ከታች ይጮኻል፣ የማያውቀው ከላይ ይፈታል።

«ወደ ግራ አዙረው!»

«በየት በኩል ግራ?»

«በኔ በኩል ነዋ!»

ኮርኒሱ ግን ቀጭንና ወፍራም አይለይም። የጂፕሰም ሰሌዳ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። የተንጠለጠለበት ሽቦና ከስስ ቆርቆሮ የታጠፈው ማቀፊያም ሰሌዳውንና መብራቶቹን እንዲይዙ እንጂ ሰው እንዲራመድባቸው አልተሰሉም። በየቢሮው ያለው 60 በ60 እየተነሣ የሚገጠመው ኮርኒስም ያው ነው። ካቦው ከታች «ብረት ብረቱን ርገጥ!» ይላል እንጂ እዚያ የሚረገጥ ብረት የለም። የቀጭኑ ትርፍ አንድ ሁለት እርምጃ ተራምዶ መውደቁ ብቻ ነው።

የመብራቱ ጉዳይ ይብሳል። ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ጨለማው ከማስገባቱ በፊት «መብራት ጠፍቷል?» ይላል። «ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ግባ!» ይሉታል። የደኅንነት ዝግጅቱ በዚሁ ተጠናቀቀ፤ የብሬከሩን ሥራ መብራት መጥፋቱ ሠርቶልናል። 220 ቮልት ግን ሲመለስ አስፈቅዶ አይመጣም። ድንገት ቦግ ሲል ካፌው በሙሉ «መጣ!» ብሎ ያጨበጭባል፤ እርጥብ ቧንቧ ታቅፎ ከተላጠ ሽቦ አጠገብ የተንበረከከው ልጅ ብቻ ደስታውን አይካፈልም። መብራቱ ባይመጣ እንኳ ጄኔሬተሩ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ብሬከሩ ይወርዳል፣ በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ቁልፉ የሚወጣው ሰው ኪስ ይገባል፣ ገመዱ በመፈተሻ ይታያል። ጓጉንቸር ደግሞ አላጣንም፤ የለስላሳው ፍሪጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

ፋብሪካ ስንገባ ጉዱ ቁመት ይጨምራል። በሼዱ ጣራ ላይ በቆርቆሮው መሐል ብርሃን እንዲያስገቡ የተደረደሩ የፕላስቲክ ክፋዮች አሉ። ፀሐይና አቧራ ሲጠግቡ ይደርቁና መልካቸው ከቆርቆሮው ጋር አንድ ይሆናል። ጣራ ላይ የሚሄደው ሠራተኛ የትኛው እንደሚሸከመው የሚያውቀው ከረገጠው በኋላ ነው። ከታች በኩል ይሠራ የተባለ እንደሆነ ደግሞ ፎርክሊፍት ላይ የእንጨት ፓሌት ይቀመጥና ሰውየው ቆሞበት ይነሣል። ነጂው የሻይ ሰዓት ሲደርስ «አንዴ ጠብቀኝ፣ መጣሁ» ብሎት ይሄዳል። መጠበቅ እንጂ ሌላ ምርጫማ የለውም።

ሕግ የለም እንዳንል፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ግን ኮርኒስ ውስጥ ያለው ልጅ «አሠሪህ ማነው?» ቢባል ግራ ይገባዋል፤ ባለሕንፃው ለተከራዩ፣ ተከራዩ ለካቦው፣ ካቦው ለዕድሉ አሳልፈው ሰጥተውታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የከፍታ ሥራ ደንብ ቅደም ተከተሉን አስቀምጠዋል፦ መጀመሪያ መውጣት የማያስፈልግ ከሆነ አትውጣ፤ ግድ ከሆነ እንዳትወድቅ አድርግ፤ መውደቅን ማስቀረት ካልተቻለ ጉዳቱን ቀንስ። እኛ ገልብጠን ነው የያዝነው። መጀመሪያ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመን «ቆይ፣ መውጣቱ ግድ ነበር እንዴ?» እንባባላለን።

ግድ እንዳይሆን ማድረግ ደግሞ በንድፉ ጊዜ ርካሽ ነው። የውኃው መዝጊያ ከአዳራሹ አበባ በላይ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት የኮሪደር ግድግዳ ላይ ቢሆን፣ ስካቶላዎቹ በበሩ አጠገብ ቢሰበሰቡ፣ ሰፊው ጣራ ውስጥ መደገፊያ ያለው የብረት መሄጃ ቢዘረጋ፣ ሕንፃውም የራሱ ባለጎማ እስካፎልዲንግ ቢኖረው አብዛኛው ሥራ ያለ ጭብጨባ ያልቃል። ጋሼ ግን ያችን በር እንቢ ብለው ያተረፉትን ውበት በየክረምቱ እያስቀደዱ፣ እያስለሰኑ፣ እያስቀቡ፣ ዛሬ ኮርኒሳቸው ላይ አምስት ዓይነት ነጭ አለ።

እንግዲህ ሕንፃ የምታሠሩ ሁሉ፣ የጂፕሰሙን አበባ ከመምረጣችሁ በፊት «ኢንጂነር፣ እዚህ የሚገባው ሰው በየት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ያኔ እንቀደዋለን» ከሆነ፣ ዛሬውኑ በካሬ ይቀደድ። ነገ በሰው ቅርጽ ሲቀደድ ለክዳኑ ልክ አይገኝለትም።