ጨርቅ የለበሰች አውሮፕላን

ዕድሜ ከሰጠህ የማትሰማው ጉድ የለም! የእህቴ ልጅ ከዴንቨር ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አሮጌ አውሮፕላን ልገዛ ነው። አገር ቤት፣ ኩልመስክ ድረስ ይዣት እመጣለሁ» አይለኝም? አጥር ይጠር፣ ቤት ይሥራ ብለን ስንጠብቅ!

ፓይፐር ሱፐር ከብ ትባላለች። መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ አንድ ሞተር፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት መቀመጫ። ከዚህ ሁሉ ዘመድ ማን ከኋላው እንደሚቀመጥ እሱ ይወቅ፣ የሚጣላው እሱ ነው። ዋጋዋ ደግሞ የመኪና አይደለም፣ የቤት ነው። ለዚህ ሁሉ ብር ገላዋ የብረት ቱቦ፣ ላይዋ ጨርቅ! ጨርቅ ወጥረው ቀለም ይቀቡታል። ጨርቁ ደግሞ ገበና ሸፋኝ ነው፤ ከሥሩ ቱቦው ዝጎ ቢያልቅ ከውጭ አይታይም። ክንፎቹን ደግፈው የያዙት ምሰሶዎችም ከውስጥ ነው የሚዝጉት።

በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን ገልጠህ ታያለህ፣ ኮቴዋን ታነሳለህ፣ ዳገት አውጥተህ ትፈትናለህ። ይኸ ልጅ ያየው ፎቶ ነው! «የጥገና መዝገቧስ?» ብለው «የመጀመሪያው ደብተር ጠፍቷል፣ ሌላው ግን አለ» አለኝ። ወደቀች፣ ተሰበረች፣ ክንፍ ተቀየረላት የሚለው እኮ የሚጻፈው እዚያ ደብተር ላይ ነው። እንዴት ያለ ብልህ ደብተር ነው፣ መርጦ የጠፋው?

አየሩንም ነግሬዋለሁ። የእኛ አገር አየር ስስ ነው። ጎረቤታችን ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 150 የፈረስ ጉልበት ብሎ ከፍሎ በ110 ሊበር ነው። ክንፉም ስስ አየር ውስጥ ቶሎ አያነሳም፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። እና የት ሊንደረደር ነው? ገበያ መሀል?

ነዳጁስ? የላሊበላው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሹምሸሃ፣ የሚያርፉት የአየር መንገዱ አውሮፕላኖች የሚጠጡት የነጭ ጋዝ ዘር ነው። የእሱ አውሮፕላን ያንን ብትቀምስ ሞተሯ አለቀለት፤ የምትፈልገው ለብቻዋ የተሠራ ቤንዚን ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢል አይግባ ብሎ ከለከለ፤ የእኔው ጉድ የቤንዚን አውሮፕላን ያስገባል!

ይኸን ስለው ታሪክ ይጠቅስብኛል። «የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከጦርነት በተረፉ አምስት አሮጌ የዳግላስ አውሮፕላኖች ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እነሱ ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብሊውኤ ጋር ተዋውለው፣ አብራሪውን ከነመካኒኩ አስመጥተው ነው። አንተን ማን ይጠግንሃል፣ የዲልብ መንገድ ጎሚስታ? ታሪክ ከሆነ እኔም አላጣም። አውሮፕላን አዲስ አበባ መጀመሪያ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ሁበርት ጁሊያን የሚባል ከኒውዮርክ የመጣ አብራሪ የጃንሆይን አውሮፕላን ይዞ ተነሣና ከስክሷት ወረደ። ወዲያው ካገር አስወጡት። አንተን ግን ከዘመድ ማን ያስወጣልኛል?

ይኸን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። «ምሰሶዎቹን አስመረምራለሁ፣ አይዞህ ጋሼ፤ አንተ ማቆሚያ ሜዳ ብቻ ፈልግልኝ» ብሎ ዘጋው።

ሜዳ እንኳ አይጠፋም። ግን የኩልመስክን ፍየል ረስቷታል። አጥር ላይ የተሰጣ ነጠላ ግማሹን በልታ ግማሹን የምትተው ፍየል፣ ሜዳ ላይ ያን ሁሉ ጨርቅ ተወጥሮ ስታገኝ ምን ልትሆን ነው? እሱ ዴንቨር ተመልሶ ይሄዳል። ዱላ ይዞ ክንፍ ሥር የሚያድረው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ታውቆኛል። ደመወዙን ግን በዶላር ነው የምቀበለው!