ኩሬ አታሳዩኝ

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ስቶክሆልም የሚኖሩ ሦስት ጓደኛሞች ጀልባ ተከራይተው ፓይክ የተባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ተስማሙ። ያልተስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሐይቁ።

ለቡና በተሰበሰቡበት ቤት አቦሉ በቬነርን አለቀ። ቬነርን የስዊድንም የአውሮፓ ኅብረትም ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 5,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመረጡት ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉት፣ ከሦስቱም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ናቸው። «ጣናን እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ኩሬ አታሳዩኝ» አሉ። ጣና ከነደሴቶቹ ቬነርን ውስጥ ቢገባ ገና ቦታ እንደሚተርፍ ግን ማንም አልነገራቸውም። ታላቅ ይከበራል።

ቶናው ሲቀዳ ሁለተኛው ጓደኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ቬተርንን አነሳ። ጥልቀቱ እስከ 128 ሜትር ይወርዳል፣ ውሃውም ጥርት ያለ ነው።

«ፓይክ እኮ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አይደለም!» አለ ሦስተኛው፣ ነርሱ።

እውነቱን ነው። ፓይክ ሽፍታ ነው። ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ ቆዳው ከሸምበቆው ጋር ያመሳስለዋል። የጀርባው ክንፍ ወደ ጭራው ተጠግቶ የበቀለ በመሆኑ፣ ደፈጣውን ይዞ ቆይቶ ድንገት እንደ ቀስት ይወረወራል። የገዛ ዘመዱንም ቢሆን አይምርም። እንዲህ ያለ ፍጡር 128 ሜትር ወርዶ ምን ይሠራል? ስዊድኖች ስሙን ሲጽፉ በ«ገ» ጀምረው ሲጠሩ «ዬዳ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ እንደ ባለቤቱ ያደፍጣል።

አንዱ ትንሽ ሐይቅ ይሻላል ቢል፣ በትንንሾቹ ላይ የማጥመጃ ካርድ መግዛት ግድ መሆኑ ታወሰና ሐሳቡ እዚያው ሞተ። ከፈረንጆቹ 1985 ወዲህ ግን በአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ዘንግ ይዞ ማጥመድ ለማንም በነጻ ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል ሲሰማ ጋሼ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

በረካው ላይ የቤቱ እመቤት ረከቦቱን ትታ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። «ይሄስ ውሃ አይደለም እንዴ?» አለች። ከመስኮቱ ሥር የሚታየው ከዋና ከተማዋ ተነሥቶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ሜላረን ነው፤ ከአምስቱ ነጻ ሐይቆች አንዱ። ቬነርን ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል መንዳት ያስፈልጋል። ሾፌሩ ቤንዚኑን በልቡ አሰላና ዝም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ከሜላረን ዳር ከመነሣቷ ጋሼ «መሐል ውሰዱኝ» አሉ። ወሰዷቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ብርድ እንጂ ዓሣ አልመጣም። ነርሱ በየሲባጎው ጫፍ ያሰረው የብረት ሽቦም የመንገዱ መሣቂያ ሆነ፤ «የጅብ ወጥመድ ነው እንዴ?» እያሉ።

ሲመለሱ ሞተሩ ጠፍቶ በሸምበቆው ዳር በመቅዘፊያ እየተጠጉ ነው። ጋሼ ማንኪያ የምትመስለውን የሚያብለጨልጭ ማጥመጃቸውን ከተጣበቀባት ሣር ሊያጥቧት ውሃው ላይ ቢያወዛውዟት፣ ዘንጉ ከእጃቸው ሊነጠቅ! ሾፌሩ መረብ ፍለጋ የራሱን ዘንቢል ገለበጠ፤ እንጀራው ሰመጠ። ዓሣው ሲወጣ ክንድ ከስንዝር ነበር፤ አፉም ወደ ውስጥ ባጋደሉ ጥርሶች የታጨቀ። ሽቦው ባይኖር ሲባጎውን እንደ ክር ይበጥሰው ነበር። ነርሱ ምንም አላለም፤ ሽቦውን ብቻ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«መሐል ሄደን ባናስደነግጠው ወደ ዳር ይወጣ ነበር?» አሉ ጋሼ።

ማታ ሌላ ጣጣ መጣ። የፓይክ ሥጋ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ቀጫጭን እሾህ የሞላበት ነው። ስዊድኖች ቀቅለው፣ እሾሁን እየለቀሙ ይበሉታል። እመቤቲቱ ግን ትዕግሥት የላትም፤ እሾሁን የቻለችውን ያህል ነቅላ፣ የቀረውን ከሥጋው ጋር አድቅቃ ከትፋ፣ በሚጥሚጣና በቃሪያ ዱለት አደረገችው።

ሳህኑ ሲጠረግ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ባሕር ዳር ደወሉ። ዓሣው በመንገድ ላይ አንድ ክንድ ጨምሮ ነበር፤ ሐይቁም ቬነርን ሆኗል።