«ቬሪ ጉድ»

እንግሊዝኛ ስጀምር ድመቷን «ጨት»፣ ቀበሮውን «ፎጥ» እያልኩ ነው ያነበብኩት። ጥፋቱ የቁቤ ነው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ በሚባል የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት፣ «ኤክስ»ም «ጥ»። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ደወል ሲደወል ግን ድምፃቸውን ይቀይራሉ። አንድ ቀን መምህራችን «ስኩል»ን አንብብ ሲሉኝ «ስቾል» አልኩ። የሳቀብኝ የለም፤ ክፍሉ በሙሉ እንደኔ ነበር ያነበበው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል አንድ ትምህርት፣ ከ9ኛ ክፍል ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎት ነበር። እኛ በመቱ ከተማ እስከ 8ኛ የተማርነው በአፋን ኦሮሞ ነው። 8ኛን ስጨርስ ሳይንስ ላይ የሚነካኝ አልነበረም። ከዚያ የመቱ ክረምት፣ ያ ቤት አስቀምጦ የሚያከርም ዝናብ መጣ። መስከረም ላይ 9ኛ ስገባ ያ ሁሉ ዕውቀት የዝናብ ጎርፍ እንደወሰደው ጫማ ነበር፤ የኔ ነው፣ ግን እጄ ላይ የለም።

ለአባዬ ስነግረው አላዘነልኝም። «በደርግ ጊዜ እኛ ቤት ኦሮምኛ፣ እስከ 6ኛ አማርኛ፣ ከ7ኛ እንግሊዝኛ! እናንተማ ሁለት ዓመት ተመረቀላችሁ» አለኝ።

ጊዜው ደግሞ በቴሌቪዥን የምንማርበት የፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በማናውቀው ቅላፄ ይፈጥናል፣ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማንም አልመለሰም እኮ! መብራት ሲጠፋ የሚሰማን እፎይታ በየትኛውም ቋንቋ አይነገርም።

በዚያው ዓመት አንድ ፈረንጅ የሶርን ፏፏቴ ሊያይ መጣ። ሰፈሩ «ዘጠነኛ ተማሪ እኮ ነው!» ብሎ እኔን አስረከበው። በበቾ በኩል ሄደን ጫካው ውስጥ ቁልቁል ስንወርድ አንድ ግዙፍ ዛፍ እያሳየ ጠየቀኝ። የዛፉን ስም በኦሮምኛ አውቀዋለሁ፣ አያቴ ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍ ነው፤ ማር እንደሚሰጥም፣ አበባው መቼ እንደሚፈነዳም አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ የመጣልኝ ግን ለፈተና የሸመደድኩት ብቻ ነው፤ ስለ ፎቶሲንተሲስ አንድ አንቀጽ ሳልተነፍስ ወረድኩበት። ጭቃው ግን «ኦክስጅን» ላይ ስደርስ አንሸራተተኝ። ሊይዘኝ ሲል እሱም ተከተለኝ፤ ተያይዘን ወረድን።

ታች ስንደርስ ሶር እየጮኸ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ፈረንጁ ጭቃውን ከጢሙ ላይ እየጠረገ ወደ ውኃው አመለከተና የሆነ ነገር ጠየቀኝ። አልሰማሁትም፤ ብሰማም አይገባኝም ነበር። ዝም አልኩ። ትንሽ ጠበቀኝና አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ጮኸ፦

«ቬሪ ጉድ!»

ያኔ አወቅኩት። ፕላዝማው ነው።