ለአቃቂ አርሶ አደር የተዋለ ውለታ

ካናዳና ኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦቻቸውን በኢኮኖሚ ለማልማት ያወጧቸው ስትራቴጂዎች በየጉባኤው ሲወደሱ ይሰማል። በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ለነባሩ አርሶ አደር የተዋለው ውለታ ግን የሚገባውን የምስጋና ቃል ሳያገኝ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ይህ ዝምታ ሁሌም ይከነክነኛል። ከቃሊቲ ጉምሩክ ተነሥቶ እስከ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገድ መግቢያ ድረስ ግራና ቀኙን እያየ የተጓዘ ሰው፣ ዓይኑ ዕንባ ሳያቀር ይመለሳል ብዬ አላምንም።

አስቀድሞ የነበረውን ኑሮ እናስታውስ። አገሩ መረሬ መሬት ነው፤ ክረምት ሲያረጥበው ጫማ ይነጥቃል፣ በጋ ሲያደርቀው እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ገበሬው በዚህ ላይ በጥንድ በሬ ጤፍና ስንዴ ይዘራ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ደግሞ በመሬቱ ርጥበት ብቻ የሚደርሰውን ሽምብራና ጓያ ይጨምር ነበር። ኅዳር ማጨድ፣ ጥር መውቃት፣ ከዚያ ጎተራ መሙላት። የሞላ ጎተራ ደግሞ አይጥ ይጠራል፣ እንግዳ ይጠራል፣ ዘመድ ይጠራል። ይህን የመሰለ ሸክም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ እነዚህ ሰዎች መቼ ያርፋሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእኛ ስትራቴጂ ግን ጠየቀ። ጠይቆም አልቀረ፣ አሳረፋቸው።

ያሳረፋቸውም በሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርሶ አደሩ መሬት በነፃ እንዲያገኝና ከይዞታው እንዳይነቀል መብቱን አስከበረለት፤ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ወጥቶ፣ ይህ የተከበረ መብት በክብሩ እንዳለ፣ ሰውየው እንዴት እንደሚነሣ በዝርዝር አስቀመጠለት። የካሳው ስሌት የጥበብ ቁንጮ ነበር፦ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ይወሰድና በ10 ይባዛ ነበር። መሬቱ አያትን አብልቷል፣ አባትን አብልቷል፣ የልጅ ልጅንም ሊያበላ ይችል ነበር፤ ግን ሰው ስለ ልጅ ልጁ እያሰበ እስከ መቼ እንቅልፍ ይጣ? ሕጉ አዘነለትና ሐሳቡን በ10 ዓመት ገደበለት። ካሳው በተከፈለ በ90 ቀን ውስጥ ያስረክብ ነበር፣ ሰብል ከሌለበት 30 ቀን ይበቃው ነበር። ትውልድ የተቀበረበትን ቀዬ በሦስት ወር ጠቅልሎ መውጣትን የሚያህል ቅልጥፍና በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከቸርነቱ ብዛት 10ሩን 15 አደረገው። ቀድመው የተነሡት ጭማሪው አልደረሳቸውም፤ ፈር ቀዳጆች ናቸውና ይህን እንደ ክብር ቢቆጥሩት ደስ ይለኛል።

መሬቱም ራሱ በማዕረግ አድጓል። በገበሬው እጅ ሳለ በጥማድ የሚለካ ተራ ነገር ነበር። ወደ ከተማው እጅ ሲገባ በካሬ ሜትር ይቆጠር ጀመር፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅም በጨረታ የሚፎካከሩበት ክቡር ሀብት ሆነ። በአንድ ሄክታር ውስጥ 10,000 ካሬ ሜትር መኖሩ ለባለቤቱ አስቀድሞ በስፋት አለመብራራቱ ከርኅራኄ የመነጨ ይመስለኛል፤ ተነሺን በቁጥር ማስጨነቅ አይገባም።

በሥራ ዕድል በኩል የተገኘው ውጤት ያስደምማል። በአካባቢው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ደጃፍ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ዱላ ይዘው፣ ከብረት በሩ አጠገብ በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ይቀመጣሉ። መኪና ሲመጣ ይነሣሉ፣ “ማንን ፈልገው ነው?” ይላሉ፣ ታርጋውን በደብተር ይጽፋሉ፣ ገመዱን ያወርዳሉ። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ተቆጣጣሪ ሲያልፍ “አባባ፣ እስቲ ደብተሩን” ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው ያሳዩታል። አሁን መጋዘኑ ያለበት ቦታ የእሳቸው የሽምብራ ማሳ ነበር። ያን ጊዜ ማሳውን ከወፍና ከከብት ሲጠብቁ ደመወዝ የሚቆርጥላቸው አልነበረም፤ ዛሬ ያንኑ መሬት ጠብቀው በየወሩ ይፈርማሉ። ነባር ዕውቀትን ለኢኮኖሚ ጥቅም ማዋል ማለት ይኸው ነው። ወሰኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ጥበቃ ከየት ይመጣል?

ልጆችም አልተረሱም። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ኮብልስቶን ጠርበዋል፣ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናው በአዳራሽ ነው፤ የታሸገ ውሃ አለ፣ ፕሮጀክተር አለ፣ የሚሞላ ቅጽ አለ። አንዱ ሠልጣኝ “ያለህ ሀብት” ከሚለው ፊት ለፊት “ጤና” ብሎ ጻፈ፤ አሠልጣኙም በቀይ እስክሪብቶ “በጣም ጥሩ” አለው።

የስትራቴጂው ዘውድ ግን የከተማ ግብርና ነው፤ እዚህ ላይ ብዕሬ ቢንቀጠቀጥ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ከተማዋ የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አላት፤ በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ጓሮና በረንዳ ሁሉ እንዲለማ ጥሪ አቅርቧል። እናም መሬቱ ከእርሻ ለበለጠ ዓላማ ይፈለጋል ተብሎ ከማሳው የተነሣው፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ያ ጤፍ አምራች፣ በባለሙያ እየታገዘ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ሰላጣ መትከል ይማራል። አፈሩን ይገዛል። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር የጨበጠ ሰው፣ ከዲፕሎማው ቀለሙ ካልደረቀ ወጣት “ዘሩን ትንሽ አፈር አልብሰው” የሚል ምክር በትሕትና ሲቀበል ማየት እጅግ ልብ ይነካል። የጀሪካን እርሻ ጥቅሙ ተነግሮ አያልቅም። የወሰን ክርክር አያስነሣም፣ በውርስ ወንድማማች አያጣላም፣ በሬ አይሻም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መነሣት ይቻላል።

መሬት የቀረላቸውም በወንዙ በኩል በረከቱን ይካፈላሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የማቅለሚያውን ፍሳሽ፣ የመጸዳጃውንም ሁሉ ሳይሰስቱ ይዘው ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸው ጎመንና ቆስጣ ይለማል። ተመራማሪዎች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተዋል። ለአዲስ አበባ ገበታ ይህን ሁሉ ማዕድን ያለ ተጨማሪ ዋጋ የሚያቀርብ ገበሬ ሜዳልያ አንሶት ነው። ወንዞቹ የሚገቡበት አባ ሳሙኤል፣ ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ ከ40 ዓመት በላይ ዝም ካለ በኋላ በ2009 ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኗል፤ ሐይቁ ላይ የተንጣለለው እምቦጭ ደግሞ ለምለም ማሳ ለናፈቀው ተነሺ በነፃ ይታያል።

በ2006 ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይህን ጸጋ እስከ ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታና ሱሉልታ ሊያዳርስ አስቦ ነበር። ሕዝቡ ይቅርብን አለ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፣ ነፍስ ይማር፤ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። የፕላን መሰረዝ ግን ልማትን እንደማያደናቅፍ ኮዬ ፈጬ ምስክር ናት፤ ኮንዶሚኒየሞቿ ማደጋቸውን ቀጥለው በየካቲት 2011 ዕጣቸው ወጥቷል።

የሚመለከታችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ይህን ሁሉ ላደረጋችሁ ሰዎች ሌላ መጠየቅ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ከአቃቂ ከርሠ ምድር የሚሳበው ውሃ ከተማዋን እያጠጣ ለአቃቂ ሰው በፈረቃ ስለሚደርስ፣ ለእያንዳንዱ ተነሺ ሁለት ሁለት ጀሪካን ይሰጠው፤ አንዱ ለሰላጣው፣ አንዱ ለውሃው።