ጠይቆ አላፊው፦ የአሜሪካኖች ልማድ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ሲመረመር

የሰውን ዘር አመጣጥ የሚያጠና ባለሙያ ወደ አፋር ምድር ሲወርድ የሚመረምረው ድንጋይና አጥንት ሲሆን፣ የአካባቢው ሰው ደግሞ በበኩሉ የሚመረምረው ባለሙያውን ራሱን ነው። የመጀመሪያው ምርመራ በጀት የሚመደብለት፣ ፈቃድ የሚወጣለት፣ ውጤቱም በታላላቅ መጽሔቶች የሚታተም ነው፤ ሁለተኛው ግን በአዋሽ ሰባት ኪሎ ምግብ ቤቶች በረንዳና በሰመራ ሻይ ቤቶች ጥላ ሥር ያለ አንዳች ድጎማ የሚካሄድና በአፍ ብቻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ የራሱ የትምህርት ክፍል አልተከፈተለትም። የዚህ ያልተከፈተ የትምህርት ክፍል መስክ አሜሪካዊው በዕለት ኑሮው ሳያስብ የሚያደርጋቸው፣ ለሌላው ሰው ግን እንቆቅልሽ የሆኑ ልማዶች ናቸው።

ለጥናቱ የሚሆን መንገደኛ በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አውራ ጎዳና ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቅባት፣ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ እንግዳ ማየት የለመደች ከተማ ናት። ከአሳይታ ቀጥላ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ ደግሞ ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል የሚሄደው ፈረንጅ አድሮባት የሚያልፍ በመሆኗ፣ ኮፍያውን፣ የፀሐይ ቅባቱንና የውኃ ጠርሙሱን የያዘ አሜሪካዊ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ ለመመልከት የተመቸች ናት።

ምርመራው የሚካሄድበት ዘዴ «ዳጉ» ይባላል። ዳጉ በአፋሮች ዘንድ የዜና መቀባበያ ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች፣ ይተዋወቁም አይተዋወቁም፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ጥላ ካለ ጥላ ይዘው፣ ከሌለም ዱላቸውን ተደግፈው አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል። ተናጋሪው ከየት እንደ ተነሣ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣር የት እንደ በቀለ፣ የማን ግመል የት እንደ ሰፈረ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ በመንገዱም ምን ዓይነት ባዕድ ሰው እንዳጋጠመው ይዘረዝራል፤ ሲዘረዝርም በዐይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፣ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማው ይጨምራል። እሱ ሲጨርስ ተራው የጠያቂው ነው። ዳጉን መደበቅ ነውር፣ አጣሞ መናገርም በባህሉ ሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ውኃና ሣር ያለበትን ሳያረጋግጥ መንጋውን ነድቶ የሄደ አርብቶ አደር ጨዋታ ሳይሆን ከብቱን ነው የሚያጣው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ተሲገር እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 የአዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማወቅ በአውሳው ሱልጣን ፈቃድ እስከ አቤ ሐይቅ ሲጓዝ፣ ወንዙ ባሕር እንደማይደርስ በዚያ ዳርቻ ግመል የሚያጠጣ እረኛ ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ለአውሮጳ ካርታ ሠሪዎች ዳጉ የሚያደርስላቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

በእንዲህ ያለ ሥርዓት ያደገ ሰው «ሃው አር ዩ» ከሚባለው የአሜሪካኖች ሰላምታ ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያው የጥናት ችግር ይነሣል። ሐረጉ ቃል በቃል «እንዴት ነህ» ማለት ይሁን እንጂ፣ በአጠቃቀሙ ሲታይ ከጥያቄ ወገን የሚመደብ አይደለም፤ ተናጋሪው ሳይቆም፣ ፊቱንም ሳያዞር ስለሚናገረው፣ ትክክለኛው ትርጉሙ «አይቻለሁ፣ እያለፍኩ ነው» የሚል ነው። የሚጠበቀው መልስ አንዲት ቃል ስትሆን እሷም «ደኅና» ናት፤ ብዙ ጊዜም ጥያቄው በዚያው ጥያቄ ይመለስና ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተጠያይቀው፣ አንዳቸውም ሳይመልሱ፣ ተደስተው ይለያያሉ። ጥያቄውን አምኖ ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት፣ ስለ ልጁ ፈተናና ስለ ቤት ኪራዩ መናገር የጀመረ የዋህ ካለ፣ አሜሪካዊው እንደ ተዘረፈ ሰው ዐይኑን ማንከራተት ይጀምራል። በአፋሩ ሚዛን ይህ ሰው ዳጉ ከፍቶ የሸሸ ነው፤ ለምን እንደ ሸሸም ራሱን የቻለ ዳጉ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ደገኛው አንባቢ ከአፋሩ ጋር ሆኖ ለመሳቅ ቢቸኩል ጥቂት እንዲታገሥ ይመከራል። «እንዴት ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ከብቱ፣ ሰፈሩ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል» እያለ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው የደጋው ሰላምታ በርዝመቱ ከዳጉ ይቀራረባል፤ በይዘቱ ግን ከአሜሪካኖቹ አይርቅም፤ ለሁሉም መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነውና። ትኩሳት ይዞት የሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ ደኅንነቱን በስድስት ዓረፍተ ነገር ካረጋገጠ በኋላ፣ ሦስተኛው የቡና ስኒ ላይ ሲደርስ ነው ሐኪም ቤት አድሮ መምጣቱን የሚናገረው። አሜሪካዊው ለማለፊያ የሚጠቀምበትን ደገኛው ለመቀመጫ ይጠቀምበታል፤ እውነቱን ለማወቅ የሚጠይቀው አፋሩ ብቻ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው አሜሪካዊው ከተፈጥሮው ትዕግሥት የሌለው ፍጡር አለመሆኑ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከቶም ግሬይ ጋር በአፋር በሐዳር ሸንተረሮች ሲዞር አንዲት የክንድ አጥንት ስባሪ አየ፤ በዙሪያዋም ተለቅሞ ተለቅሞ ከአንድ አካል 40 በመቶ ያህል የሚሆን አጽም ተገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመትላት ይህች ፍጡር በዚያው ሌሊት በሰፈሩ ሲደመጥ በነበረ የቢትልሶች ዘፈን ምክንያት «ሉሲ» ተባለች፣ ኢትዮጵያውያንም «ድንቅነሽ» አሏት። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ተወስዳ በሂዩስተን ጀምራ በሌሎችም ከተሞች ለእይታ ቀረበች፤ ያለ ዕጣ፣ ያለ ስፖንሰርና ያለ ቃለ መጠይቅ አሜሪካ ገብታ ስድስት ዓመት ያህል ቆይታ በ2013 በፈቃዷ የተመለሰች የአፋር ተወላጅ እሷ ሳትሆን አትቀርም። በዚያ ቆይታዋ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለዐሥር ቀናት አጥንቷ በራጅ ማሽን አንድ በአንድ ተነሣ፤ በ2016ም ተመራማሪዎቹ ከዛፍ ወድቃ እንደ ሞተች ጽፈው አሳተሙ፣ ያገኛት ጆሃንሰን ግን አልተቀበላቸውም።

በዳጉ ሥርዓት ሲመዘን ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሟቿ ማን ናት፣ የት ወደቀች፣ ምን ገደላት የሚሉት ጥያቄዎች በደንቡ ተጠይቀዋል፤ የታየው ከተገመተው ተለይቷል፤ የተቃወመውም ሰው በስሙ ተጠቅሷል። የአዋሽ ሸለቆ ሰው መልስ ያላገኘለት ጉዳይ ታዲያ ይህ ነው፦ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተችን ሴት «እንዴት ነበርሽ» ብሎ ለመልሱ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ የሚጠና ሕዝብ፣ ውኃ የሚቀዳለትንና ሰፈሩን የሚጠብቅለትን ሕያው ሰው «እንዴት ነህ» ብሎ ለመልሱ ግማሽ ደቂቃ የማይቆመው ለምንድን ነው?

በሌላ በኩል አሜሪካዊው ከነጭራሹ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ፤ ደመወዝ፣ ዕድሜ፣ ያገቡ እንደ ሆነ፣ ልጅ ያልወለዱም እንደ ሆነ ምክንያቱ። በአዋሽ ምግብ ቤት እነዚህ አራቱ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት የሚጠናቀቁ መነሻ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ አሜሪካዊው ግን እንደ ግል ገመና ስለሚያያቸው ይደነግጣል። ውሻውን በሚመለከት ግን ክልከላው ይነሣል፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚበላውንና ያለበትን የጤና እክል መጠየቅ የጨዋ ሰው ምልክት ነው፤ የባለቤቲቱን ዕድሜ መጠየቅ ግን አሁንም ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ጭምትነት የሚያበቃው በመንግሥታቸው ደጃፍ ነው። «ዲቪ» በመባል የሚታወቀው የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ተፈቅዶ ከ1995 ጀምሮ በዓመት እስከ 55,000 ሰው ያስገባ የነበረ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከተሞች የፎቶ ቤት በር ላይ «የዲቪ ፎቶ እናነሣለን» የሚል ጽሑፍ ያስለጠፈ ተቋም ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው የሚሞላው ዲኤስ-260 የተባለ ቅጽ ከ16 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የተኖረበትን ቦታ ሁሉ፣ ሥራን፣ ትምህርትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ልጆችን አንድም ሳያስቀር ይጠይቃል። ዜጎቹ ጎረቤትን ለመጠየቅ ያፈሩትን ሁሉ መንግሥት ሰብስቦ በአንድ ቅጽ ጠይቆት ያርፋል ማለት ነው። ከአሜሪካ ተቋማት ሁሉ ለዳጉ የሚቀርበው ይህ ቅጽ ሳይሆን አይቀርም፤ ሐሰት መናገርም በሁለቱም ዘንድ ያስቀጣል። በዚሁ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ኢትዮጵያዊው የአያቱን ስም ስለሚሞላ፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ተቀምጦ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያረፉት አያቱ በተደጋጋሚ ሲጠሩ ይሰማል፤ አቤት የሚል ሲጠፋም ተራው ያልፈዋል።

በአማርኛ «ጉርሻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንደኛው በፍቅር ተጠቅልሎ በሰው አፍ የሚደረግ እንጀራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ ነው። ሁለቱም በልብ የሚሰጡ በመሆናቸው ቋንቋው በአንድ ቃል ማጠቃለሉ አግባብ ነበር። የአሜሪካው ጉርሻ ግን በስሌት የሚሰጥ ነው። ተመጋቢው ሲጨርስ የሚቀርብለት ወረቀት ከግርጌው ሁለት ባዶ መስመር አለው፤ በላይኛው ጉርሻውን፣ በታችኛው ድምሩን ጽፎ መፈረም አለበት፤ ሒሳብ ለሚያስቸግረው ሰውም አንዳንዱ ቤት 18 በመቶው፣ 20 በመቶው፣ 22 በመቶው ስንት እንደሚመጣ አስልቶ ከሥሩ ያትምለታል። ምክንያቱ ደግሞ ከፍቅር ወገን አይደለም፤ በፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ የሚያገኝ ሠራተኛን አሠሪው በሰዓት ሊከፍለው የሚገደደው ዝቅተኛ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ሆኖ በመቅረቱ፣ የአስተናጋጁን ደመወዝ የሚከፍለው እንግዳው ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው የአማርኛ አባባል በዚያ አገር የሠራተኛ ሕግ ይመስላል።

በአዋሽ ግን ሂሳብ ወረቀት ላይ አይሰላም፤ በጉልበት ይወሰናል። ሦስት የከባድ መኪና ሹፌሮች የፍየል ጥብሳቸውን ጨርሰው ሲነሡ፣ ልምድ ያለው እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎ በገንዘብ ተቀባዩ በኩል ይዞርና ሂሳቡን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ይህን ሲያይ የአስተናጋጇን እጅ ይዞ «የሱን መልሺለት» ይላል፤ ሦስተኛው «ወላሂ አይሆንም» ብሎ ብሩን በመጀመሪያው ሰው የሸሚዝ ኪስ ይጠቀጥቃል፤ አስተናጋጇም የማንን ብር እንደ ያዘች እስክትለይ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ይቆማል። አራት አሜሪካኖች ግን ጠረጴዛ ከበው የየራሳቸውን ለይተው፣ ለስላሳ የጠጣውን ውኃ ከጠጣው ነጥለው፣ በአራት ካርድ ከፍለው በሰላም ይወጣሉ። ይህን ንፉግነት ብሎ መፍረድ ትክክል አይሆንም፤ አሜሪካዊው የራሱን የሚከፍለው ከማንም ዕዳ ነጻ ሆኖ ለመነሣት ሲሆን፣ ሹፌሩ የሚታገለው ጓደኛውን ባለዕዳ ለማድረግ ነው፤ ባለዕዳ የሆነ ሰው ሚሌ ላይ ሳያስቆመው አያልፍምና። በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ግን የአሜሪካኖቹ ሥርዓት ሳይሻል አይቀርም።

በሰመራ ያለ ምንም ማብራሪያ ተቀባይነት ያገኘ የአሜሪካ ልማድ ቢኖር በረዶ ነው። አሜሪካዊው መጠጡን ለበረዶ ማራሻ የሚመስል አድርጎ ብርጭቆውን በበረዶ የሚሞላ፣ ይህንንም ውጭ በረዶ በሚዘንብበት ወር የማይተው ሰው ነው። ልማዱ ቆየት ያለ ነው፤ ፍሬድሪክ ቱዶር የተባለ የቦስተን ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1806 ከሐይቅ ላይ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ሲልክ ሰው ስቆበት ነበር፤ በ1833 ግን በሰጋቱራ አልብሶ ካልካታ ድረስ አደረሰው። የሰመራ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚያነሣው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ መርከቡ ወደ ታጁራ ወደብ ጎራ ያላለው ለምንድን ነው የሚል።

የሙቀቱ አቆጣጠር ግን አለመግባባት ይፈጥራል። አሜሪካኖች ፋራናይት በተባለው ልኬት ስለሚቆጥሩ የሰመራው 40 ዲግሪ በእነሱ 104 ይሆናል፤ በዚህም የተነሣ ዳላስ ያለ ልጇ «እናቴ፣ ዛሬስ 104 ዲግሪ ገባ» ሲላት፣ ውኃ በ100 እንደሚፈላ የተማረችው የአዋሽ እናት ልጇን ቀቅለው እንደ ጨረሱት ታስባለች። ዓመቱን በ13 ወር፣ ሰዓቱንም ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር አገር በዚህ ነገር ብዙ ሊናገር እንደማይገባው ግን መታወቅ አለበት።

ሁለቱ ሥርዓቶች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ነገሩ ከሞላ ጎደል የሚከተለውን መልክ ይይዛል። መኪናው ነዳጅ እስኪሞላ ድረስ ከግራር ጥላ የተጠጋ አሜሪካዊ እዚያው የተቀመጡትን ሽማግሌ «ሃው አር ዩ» ይላቸዋል፤ አስተርጓሚው የዋህ ከሆነ ይተረጉመዋል። ሽማግሌው ተጠይቀዋልና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጀምራሉ፤ ከሎግያ ጎሕ ሲቀድ እንደ ተነሡ፣ በዱብቲ በኩል የወንዙ ውኃ እንደ ጨመረ፣ ይህን ግን በዐይናቸው ሳያዩ ከእኅታቸው ልጅ እንደ ሰሙት፣ የአንድ ዘመዳቸው ግመል እግሯን እንደ ታመመችና እየተሻላት እንደ ሆነ። ሹፌሩ ጡሩምባ ያሰማል፤ አሜሪካዊው መሄጃው ቸግሮት ይቀመጣል። ሽማግሌው ሲጨርሱ ቀና ብለው «አንተስ? አገርህ ዝናብ አለ?» ይሉታል። ሰውየው ቴክሳስ ዝናብ ይኑር አይኑር ለማየት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መነካካት ሲጀምር፣ ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ ስልኩን ወደ ታች ዝቅ ያደርጉና በአስተርጓሚው በኩል «እሱ የሰማኸው ነው፤ ያየኸውን ንገረኝ» ይሉታል።