እግዜር የሰጠው ስልክ

ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ሁሉ ከሰማይ የወረደ ነው። ያገኘው ሰው ሻይ ቤት ገብቶ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ይላል፤ ጠረጴዛውን የከበቡትም «እሰይ፣ ሲሳይህ ነው» ብለው ይመርቁታል። የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ምርቃቱን ሰምቶ ሰምቶ ስለመረረው፣ ከመቃወም ይልቅ ተቀብሎ ሊያወድሰው ቆርጧል።

እንደ ሻይ ቤቱ እምነት ከሆነ ሰማይ ላይ አንድ የማከፋፈያ መሥሪያ ቤት አለ። ሥራው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ማዛወር ነው። ከማቻከል አንድ ጆንያ ጤፍ አምጥተው የሸጡ እናት ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥራሉ እንበል። መዝገቡ ይገለጣል። እናትዬዋ ማዳበሪያ ሊገዙ፣ የልጃቸውን የቤት ኪራይ ሊከፍሉ አስበዋል፤ ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ አላቸው ማለት ነው። በሌላው ገጽ ደግሞ አንድ ጎረምሳ አዲስ ጫማ አምሮታል። ዝውውሩ ይጸድቃል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ቋጠሮውን የሚያላላ መልአክ ይመደባል። መልአኩ ትጉህ ነው፤ ብሩ ከጎረምሳው ጫማ ሥር እንዲያርፍ ነፋሱን ሳይቀር ያስተካክላል። እናትዬዋ ቅሬታ ካላቸው የቅሬታ መስኮቱ ክፍት ነው፤ መሰላል ይዘው መምጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ስልክ ላይ ሲደርስ ግን መልአኩ ይዝረከረካል። ሲም ካርዱን ማውጣት ይረሳል። ስልኩ ይጠራል፤ መስታወቱ ላይ «እማዬ» የሚል ብልጭ ድርግም ይላል። ተሰጪው ምን ያድርግ? የመልአኩን ስህተት ራሱ ያርማል፤ ድምፁን አፍኖ፣ በመርፌ ጫፍ ሲሙን ገፍትሮ አውጥቶ ቦይ ውስጥ ይጥለዋል። መልአኩ የይለፍ ቁጥሩንም ሳይነግረው ሄዷል። ለዚህም አልታሰበበትም አይባልም፤ ሶፍትዌር የሚጭነው ልጅ «ከየት አመጣኸው?» ሳይል ፍላሽ ያደርግለታል። መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ የያዘ ቦርሳ ሲሆን ደግሞ መልአኩ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር አብሮ ያስቀምጣል፤ ተሰጪው ደውሎ «በቴሌብር ላክና ውሰድ» እንዲል።

የሚጠራ ስልክ ባለቤት አለው። እናት እየደወለች ሲም የሚያወጣ ሰው ሌባ ነው።

ውዳሴው ይቀጥል። ተሰጪው ሃይማኖተኛ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ብስኩት ሲገዛ «ወተት የለበትም?» ብሎ ይጠይቃል። በጎጃም ገጠር ዕቃ የጠፋበት ሰው የመጨረሻ ተስፋው ካህን ለምኖ ከቅዳሴ በኋላ ማስገዘት ነው። ካህኑ «ያገኘህ መልስ» ብለው ሲገዝቱ ተሰጪው ነጠላውን አመሳቅሎ ከሕዝቡ መካከል ቆሟል፤ ግዝቱ ሌላ ሰውን እንደሚመለከት እርግጠኛ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የባዘነ በሬ ያገኘ ለባለቤቱ ይመልስ ማለቱም አያስጨንቀውም። እሱ ያገኘው ሳምሰንግ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በአገር ደረጃ የሠራው ትልቁ ዝውውር ግን የመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተቃወሰና ሰው በሒሳቡ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ የገቡበት ሳምንት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየተጠራሩ በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ያላግባብ ተወሰደብኝ ያለው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው። ፕሬዚዳንቱ አቤ ሳኖ በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተናገሩ፤ ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ አወጣቸው። ሰማያዊው ስጦታም እግር አወጣ፤ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሦስት አራተኛው ገደማ ወደ ካዝናው ተመልሷል።

እግዜር የሰጠውን መልሶ መስጠት እንደሚቻል ያን ጊዜ ታየ፤ ባለቤቱ ፋይል፣ ፎቶና ጠበቃ ካለው። የማቻከሏ እናት የማንንም ፎቶ የሚለጥፉበት ቅርንጫፍ የላቸውም። ስለዚህ ባንክ የጣለው ዕዳ ይሆናል፣ እሳቸው የጣሉት ሲሳይ። ይህ እምነት ቀማኛነት ነው፤ አቅም የሌለውን እየመረጠ ነው የሚቀማው።

ሕጉን አላወቅነውም የሚሉም አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 መክፈል ሳይገባው የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል ይላል፤ የባንኩ ጉዳይ እዚህ ያርፋል። ከቁጥር 1154 ጀምሮ ደግሞ ስለ ተገኘ ዕቃ ይናገራል፤ ያገኘ ሰው ማስታወቅ አለበት። ሕጉ ያገኘውንም ሰው አልረሳም፤ በቁጥር 1158 ከባለቤቱ ወሮታ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጃፓኖች ይህንኑ በመቶኛ ተምነውታል፤ ለፖሊስ ያስረከበ ሰው ከዕቃው ዋጋ ከ5 እስከ 20 በመቶ ያገኛል፣ ባለቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣም ዕቃውን ሊወስድ ይችላል። ሲም መጣል ሳያስፈልግ፣ ፍላሽ ሳይከፈል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ መናኸሪያ በር ላይ ስልክ ካገኘህ፣ ሲጠራ አንሳው። ቋጠሮ ብር ከሆነም ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ አስመዝግብ፣ በደብሩም አስነግር። ወሮታው ካማረህ ቁጥር 1158ን ጠቅሰህ ባለቤቱን ጠይቅ፤ ነውር የለውም።