አይሲው የማን ልጅ ነው?

አሮጌ ቦርድ ላይ ማንነቱ የማይታወቅ አይሲ ሲገኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው አጉሊ መነጽር ነው፤ ጀርባውን ወልወል አድርጎ፣ ወደ ብርሃን አዘንብሎ የተጻፈውን ለማንበብ። እኔ ደግሞ ከምስክሮቹ ሁሉ መጨረሻ መደመጥ ያለበት ይኸው ጽሑፍ ነው ባይ ነኝ። 7432 የሚል ቁጥር ተገኘ እንበል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1960ዎቹ በጀመረው የ7400 ቤተሰብ ውስጥ 7432 ማለት አራት «ኦር» ጌቶች የያዘ ባለ 14 እግር አይሲ ነው። ታዲያ አምራቾች የተሠራበትንም ጊዜ እዚያው ጀርባው ላይ በአራት አኃዝ ያትማሉ፤ ሁለቱ ለዓመቱ፣ ሁለቱ ለሳምንቱ። ስለዚህ ያው 7432 በፈረንጆች 1974 በ32ኛው ሳምንት የተወለደ ማንኛውም አይሲ ሊሆን ይችላል። ከፊቱ የኩባንያው መለያ የሆኑት «ኤስኤን» የሚሉት ፊደላት ካሉ እሰየው፤ ፊደላቱና ሌላው መስመር ከተፋቁ ግን የቀረው ስሙ ይሁን ልደቱ አይሲው አይናገርም። 7474 ከሆነ ግን እፎይ ማለት ይቻላል፤ ሰባ አራት ሳምንት ያለው ዓመት፣ አሥራ ሦስት ወር በምንቆጥረው በእኛም ዘንድ የለም።

ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ቢገኝም ነገሩ አይቀልም። ሂውሌት ፓካርድ ከገበያ ለገዛቸው ተራ አይሲዎች ሳይቀር 1820 ብሎ የሚጀምር የቤት ስም ያወጣላቸው ነበር። አንዳንዱ ፋብሪካ ተፎካካሪ እንዳይቀዳው ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ይሸጣል፤ አጭበርባሪው ደግሞ የተፋቀውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ያማረ ቁጥር ያትምበታል። ወረቀትና አካል ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማየት ሲግኔቲክስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቀልድ ያወጣውን 25120 ማስታወስ ይበቃል። ዳታሺት አለው፣ ግራፍ አለው፣ የእግሮቹ ሥዕል አለው፤ ሥራው መረጃ መቀበል ብቻ ነው፣ የተቀበለውን መልሶ አያወጣም። አይሲው ራሱ ግን የለም። (የሰጡትን ሁሉ ውጦ የማይመልስ መዝገብ ቤት ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር ባይሆንም።)

እንግዳ መንደር ሲገባ ሽማግሌ መታወቂያ አይጠይቀውም፤ «የማን ልጅ ነህ? ወዲህ ማን ዘመድ አለህ?» ይለዋል። አይሲም መጠየቅ ያለበት እንዲሁ ነው፤ ዘመዶቹ ቦርዱ ላይ አሉና። ጫፉ ላይ ያለችውን ግማሽ ክብ ጎድጎድ ወደ ላይ አድርጎ፣ ከግራ አንድ ብሎ ወደ ታች፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ወደ ላይ መቁጠር ነው። ቀጥሎ፣ ኤሌክትሪኩ እንደጠፋ፣ ቴስተሩን ጢጥ በሚለው ላይ አድርጎ ማን ከየት እንደሚመገብ መፈለግ። በባለ 14 እግሩ ላይ 7ኛው ግራውንድ፣ 14ኛው የ5 ቮልት መስመር ከሆነ ከብዙኃኑ የ7400 ወገን ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። 5 ቮልቱ 5ኛው ላይ፣ ግራውንዱ 10ኛው ላይ ከተገኘ ግን ደስ ይበለን፤ ያ አመል እነ 7490ና 7493ን በመሳሰሉ ጥቂት ቆጣሪዎች ዘንድ ነው ያለው። ባለ 16 እግር ሆነው ስምንት ወይም ዘጠኝ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ መንትዮች ሜሞሪ መሆናቸው አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፤ ዘጠነኛው የስምንቱን ስህተት የሚታዘብ ነው። 8ኛው እግራቸው 12 ቮልት፣ 1ኛው ከዜሮ በታች 5 ቮልት ከደረሰው 4116 ወይም የቅርብ ዘመዱ ናቸው። ግራውንዱን እንደ ሌሎቹ 8ኛው ላይ ነው ብሎ የገመተ ሰው ጥሩ ጭስ ያያል።

ከጎረቤት ሁሉ ወሬኛው ግን ክሪስታል ነው። ጀርባው የተፋቀ ባለ 40 እግር አይሲ አለ፤ አጠገቡ 1.8432 ሜጋኸርዝ የሚል ክሪስታል ተቀምጧል። ይህ ቁጥር ለ16 ሲካፈል 115,200 ይሰጣል፤ ሲሪያል መስመር የሚነጋገርበት ፍጥነት ነው። አለፍ ብለው 1488ና 1489 የሚባሉት ትናንሾቹ አሉ፤ ከነሱ ወዲያ ባለ 25 ፒን ማገናኛ። የክሪስታሉ ሁለት መስመሮች 16ኛውና 17ኛው እግር ላይ ካረፉ፣ ከ1 እስከ 8 ያሉት ደግሞ ወደ ዳታ መስመሩ ከሄዱ፣ ባለቤቱ የሲሪያል መስመር አይሲው 8250 ነው። ባይሆን እንኳ በዚያው ሶኬት የሚገባው ታናሽ ወንድሙ 16450 ነው። አንድም ፊደል ከጀርባው አላነበብንም።

«ቁጥር ማንበብ እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ በቅጡ ተነቦ የሚታመን አይሲ መጀመሪያውኑ ያልታወቀ አልነበረም። ሌላው ደግሞ ፕላስቲኩን በናይትሪክ አሲድ አሟምተን ውስጡን በማይክሮስኮፕ እንየው ይላል። ሲሊኮኑ ላይ የአምራቹ ምልክትና ቁጥር ብዙ ጊዜ ተቀርጾ ይገኛል፤ አንዳንዴም መሐንዲሶቹ የሣሉት ካርቱን። ግን ማሽኑን ለማስነሳት የተነሳ ሰው ያለውን አንድ አይሲ አሟምቶ ስሙን ቢያውቅ ምን ይሠራበታል?

ጎረቤት ጨርሶ የማያውቀው ዓይነት መኖሩን ግን አልክድም። ኮሞዶር 64 ውስጥ 906114-01 የሚል ባለ 28 እግር አይሲ አለ። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ላይ የሲግኔቲክስ 82ኤስ100 ነው፤ ገዢው የፈለገውን ሎጂክ የሚያስጽፍበት። ዘመዱ ቢታወቅም የተጻፈበት አይታወቅም። ደግነቱ ትዝታ የለውም፤ ለአንድ ጥያቄ ምንጊዜም አንድ መልስ ይሰጣል። መግቢያዎቹ 16 ስለሆኑ ጥያቄዎቹ 65,536 ናቸው፤ ሁሉንም ጠይቆ ስምንቱን መውጫ መመዝገብ ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ትዝታ ያለው ነው፤ እንዲሁ ሎጂክ የሚጻፍበት፣ ግን ፍሊፕፍሎፕ የተጨመረለት ፓል የሚባለው፣ አሁን የሚመልሰው ቀደም ብሎ በተጠየቀው ላይ የሚመሠረት። ሎጂኩ ሲጻፍበት የተቃጠሉት ፊውዞች በማይክሮስኮፕ ይታያሉና ለእሱ አሲዱን እፈቅዳለሁ፤ ያውም ሁለተኛ ቦርድ ከተገኘ።